በግራ በኩል የተቀደደው ኮት

...ምክንያቱም የሰቀለችው ራሷ ናት፣ ከበሩ ቀጥሎ ባለው መንጠቆ፣ ከአክስቷ ጃንጥላ ጎን፣ ጃንጥላው አለ፣ ኮቱ የለም፣ ደህና ጃንጥላ ትቶ የተቀደደ ኮት የሚሰርቅ ሌባ ደግሞ እናቱ ገና አልወለደችውም። ወይ ወልዳዋለች። ልትሄድ ብላ እጇን ታጥባ ስትመለስ ነው ያጣችው፣ ጣቶቿ ገና አልደረቁም፣ በቀሚሷ እየጠረገች ባዶውን መንጠቆ ታያለች፣ ቀጥሎ ወለሉን፣ ቀጥሎ የበሩን ጀርባ። የለም።

አትጠይቂ። ዝም በይና እዪ። በመድን ድርጅት የካሳ መርማሪ ናት፣ ጥርሷን የነቀለችበት ሥራ ነው፣ ሥራውም ያስተማራት ይህንኑ ነው፣ ቀድሞ የጠየቀ ለሌባው መልስ ያዘጋጅለታል፣ ዝም ብሎ የተመለከተ ግን ማን ዓይኑን እንደሰበረ፣ ማን ሳይጠየቅ እንደለፈለፈ፣ ማን በድንገት ውሃ እንደጠማው ይደርስበታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል አለቃዋ፣ ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት የሚለው እሱን ነው፣ ከዚያ የተቃጠለ መጋዘን ይሁን የተጨፈለቀ መኪና ጥያቄው አንድ ነው። ማን ተጠቀመ? ከዚህ ኮት ማን ተጠቀመ?

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ከላይ ምኩራቡ፣ ከታች እነሱ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መብራቱ ሲዝ ሲዝ የሚል፣ መሃል ላይ በእንጨት ፍሬም የተወጠረ ሰማያዊ ከፋይ፣ ሴቶቹ ዙሪያውን አቀርቅረው የሮማን ፍሬና የሮማን ቅጠል በወርቅማ ክር ይጠልፉበታል። የኦሪት ጥቅልሎቹ የሚቀመጡበት ቁም ሳጥን አዲስ መጋረጃ ነው፣ አሮጌውን በድንጋይ የተሰበረ የመስኮት መስታወት ዘልዝሎታል። ማንም ቀና አላለም። ይሄ ራሱ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ከመታጠቢያ ሲመለስ ቀና ተብሎ ይታያል፣ ወግ ነው፣ እነዚህ ግን መርፌያቸው ላይ ሙጭጭ ብለዋል። አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ የክር ጫፍ በምላሷ ታርሳለች። እትዬ መነጽር፣ ጥልፍ የምታስተምራቸው፣ ሁለት መነጽር ደርባ ተጎንብሳለች። ሌሎቹ ሹክሹክ ይላሉ። የነርሷ ወንበር ግን ባዶ ነው።

አሃ።

ነርሷ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፣ ተረኛ ነኝ ትላለች፣ ከሆስፒታል ይደወልልኛል ትላለች፣ በር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ወይ ተረኛ ነው ወይ ሊያመልጥ ያሰበ ነው። ከአይሁድ ቤት አልተወለደችም፣ ወደ እምነቱ ልግባ ብላ ገና ሕጉን እየተማረች ነው፣ እሱ ነው የማይዋጥላት፣ አሁን? ሰው ከደጃፉ ላይ ስሙን በሚፍቅበት ጊዜ? ልጆቹን አንገታችሁ ላይ ያለውን ኮከብ ሸሚዝ ውስጥ ክተቱት በሚልበት ጊዜ? ሁሉም በሚወጣበት በር አንዷ ተጋፍታ ትገባለች፣ ምን ፈልጋ? አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠይቃታለች፣ ለምን መጣሽ ብላ፣ ነርሷ መርፌዋን አቆመች፣ አሰበች፣ እዚህ ስቀመጥ ልቤ ያርፋል፣ አለች። ልቤ ያርፋል! ይሄ መልስ ነው? ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ ልቤ አርፏል ቢላት እኮ በዚያው ቀን ለፖሊስ ነው የምትደውለው። ደግሞ ታያታለች፣ ዞር ባለች ቁጥር የነርሷ ዓይን እዚህ ነው፣ ደረቷ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቅዳጁ ላይ፣ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ትሽኮረመምና ወደ መርፌዋ ትመለሳለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኪሱ ውስጥ ምን ነበር? መሃረብ፣ የመሳቢያ ቁልፍ፣ ያለቀ ከረሜላ ወረቀት። የሚሰረቅ ነገር የለም። የጠፋው ንብረት፦ ግራጫ የሱፍ ኮት፣ ያገለገለ፣ በግራ ደረቱ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ቅዳጅ ያለው፣ የገበያ ዋጋው፦ ኢምንት። ኢምንት፣ ትላለች ለራሷ። ኮቱን ይውሰዱት፣ ቅዳጁን ግን ይመልሱላት።

ከወራት በፊት፣ ላይ ምኩራቡ ውስጥ፣ በማለዳው ጸሎት ድንጋዩ በመስኮት ገባ፣ አባቷን አልነካውም፣ ይህን በደንብ አጣርታለች፣ እግሩ ሥር ነው የወደቀው፣ መስታወቱ መጋረጃው ላይ ዘነበ፣ ሰው ሁሉ ወንበር ሥር ሲገባ አባቷ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣና አጠገቡ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ አርፍዶ የመጣ እንግዳ ነው፣ የጸሎት መጽሐፍ ስጡት እንጂ፣ አለ፣ ሰው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፣ በሳምንቱ አባቷ ቤቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ልብ ነው አለ ሐኪሙ፣ ዕድሜም አለ። ድንጋዩስ? ድንጋዩ እኮ አልነካቸውም፣ እህቴ። አልነካቸውም! ስንቱን የሰው ጉዳት ምክንያቱ ተረጋግጧል ብላ የዘጋች ሴት የአባቷን ሞት ጥፋተኛ የሌለው ብላ ዘጋችው። የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር፣ የራሱን ስም በራሱ ደጃፍ በትልቁ ጽፎ የኖረ፣ ጎረቤቶቹ ስማቸውን ሲፍቁ እሱ ቀለም ደረበበት፣ ሰው ያምናል፣ ያመነው ሰው ሁሉ ሲገፍፈው ኖሯል፣ አባባ ተሸወድክ እኮ ስትለው፣ ምን ታደርጊዋለሽ፣ በርዶት ይሆናል፣ ይላታል።

መቃብሩ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ምላጭ ይዞ ቀረበ፣ እንደ ሐዘኑ ሕግ፣ በግራ በኩል፣ ከልቧ በላይ፣ ጨርቁን ጫር አደረገላትና የቀረውን አንቺ ቅደጂው አላት፣ ቀደደችው፣ ያ የሱፍ ድምፅ፣ ኧረ ያ ድምፅ፣ እንባዋ እምቢ ብሎ ነበር፣ አልቅሺ አልቅሺ ሲሏት ያላለቀሰችው ሁሉ በዚያ ጨርቅ በኩል ወጣ፣ የሐዘኑን ሰባት ቀን ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የቤቱ መስታወት ሁሉ ተሸፍኖ፣ የምታየው ቅዳጁን ብቻ ነበር፣ ሰባቱ ቀን አለቀ፣ ወሩ አለቀ፣ ዘመድ ሁሉ ልብሱን ቀየረ፣ እሷ ኮቱን ለብሳ ሥራ ገባች። የድርጅቱን ገጽታ ብናስብ አላት አለቃዋ። አስባለሁ አለችው፣ አላሰበችም።

ቆይ። ቆይ ቆይ። አክስቷ ናት ያስወለቀቻት። ይሄን እንዴት ዘለለችው? ከቀብሩ ጀምሮ ከላይዋ ወርዶ የማያውቀውን ኮት ዛሬ ያስወለቀቻት አክስቷ ናት፣ ማሞቂያው ነዷል፣ ላብሽ ጠብ ጠብ እያለ ነው፣ አውልቂው እንጂ የኔ ልጅ፣ ኮት እኮ ነው፣ ቆዳሽ አይደለም። ጨቅጭቃ አስወለቀቻት። እዚህ ክፍል ጎትታ ያመጣቻትም እሷው ናት፣ ቤት ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ይሻግታል፣ ነይ ጥልፍ ልመጂ፣ ጥልፍ ምን ይጠቅመኛል አክስቴ፣ ምንም አይጠቅምሽም፣ አንቺ የሚጠቅም ነገር ጠልተሻልና ነይ። ያኔም ጠርጥራ ነበር፣ አክስቷ ሚስቱ የሞተችበት የጥርስ ሐኪም አላት፣ ሰበብ እየፈለገች ስሙን ታነሳለች፣ የማንም ጥርስ ሳይታመም። መጣች። የጥርስ ሐኪም የለም። ሴቶች ብቻ።

መርፌ ሰጧት፣ አንድ የሮማን ቅጠል ጥለፊ አሏት፣ ጠለፈች፣ በረሮ መሰለ። እግር ብቻ የቀረው በረሮ፣ በቅዱስ መጋረጃ ላይ። ማንም አልሳቀም፣ እትዬ መነጽር ጎንበስ ብላ አየችውና ይቀመጥ፣ አትፍቺው አለች፣ ለምን? መጥፎ ሥራ የሚያሞግስ ሰው የሚፈልገው ነገር አለ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ሕፃን፣ ጠዋት ስትነሳ የጠረጠረችው ሻዩን ነው፣ ሻዩ ውስጥ የሆነ ነገር አድርገውበታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሻይ አልጠጣችም። ተኛች። በሚቀጥለው ደጋግማ ጠጣች፣ ተኛች፣ ሻዩ በነፃ ተለቀቀ። እንግዲህ ክሩ ነው፣ ወይስ ሴቶቹ፣ ወይስ አንድ ጨርቅ ላይ አብረው ሲያቀረቅሩ የሚመጣው ዝምታ፣ ማረጋገጥ አልቻለችም፣ ያላረጋገጠችውን ደግሞ አትቀበልም፣ ግን ትመጣለች፣ በየሳምንቱ፣ ጣቷ ተወጋግቶ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ።

ዛሬ ግን ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። ቅጠሉ ቅጠል መሰለላት፣ ደስ አላት፣ ሰዓቱ ሲሄድ አላወቀችም፣ ደስ ያለው ሰው ደግሞ ይዘረፋል፣ ስንቱን አይታለች፣ ሠርግ ቤት ነው የሚዘረፈው። ተዘናጋሽ። ምን አዘናጋሽ አንቺ፣ ፋራ።

ደረጃውን ትወጣለች። በር ላይ ዘበኛው አለ፣ ከድንጋዩ በኋላ የተቀጠረ፣ እሱንም ገና አላመነችውም። ጋሼ፣ አሁን የወጣ ሰው አለ እንዴ? በፈገግታ ነው የምትጠይቀው፣ በሥራ ፈገግታዋ። ነርሷ ወጥታለች፣ ፌስታል ታቅፋ፣ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ወዴት? ማዶ ተሻገረች። ፌስታሉ ውስጥ ምን ነበር? ውይ እህቴ፣ እኔ የሚገባውን ነው የምፈትሸው፣ የሚወጣውን ፈትሽ ያለኝ የለም።

በቃ። አለቀ። ተይዛለች። እና ደስ ይላታል፣ ይህን ራሷም ታየዋለች፣ ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷ ይቀላታል፣ በመጨረሻ ፊት ያለው ጥፋተኛ አገኘች፣ ልብ ነው ዕድሜ ነው የማይባል፣ ስም ያለው፣ ወንበር ያለው፣ ተጠርቶ የሚጠየቅ፣ ለወራት የት እንደምትጥለው ያጣችው ቁጣ ሄዶ የሚያርፍበት ሰው። ነርሷ ድንጋዩን የወረወረች ያህል ትጠላታለች። እንዲያውም ማን ያውቃል።

ሌባ ነው ያስገባችሁት፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ካለው ጣሪያ ጋር ይላተማል፣ መርፌዎቹ ይቆማሉ። ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? ትላለች አክስቷ። ኮቴን፣ የአባቴን ቅዳጅ፣ ያቺ ነርስ ይዛው ወጥታለች፣ ዘበኛው አይቷታል፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ተመሳጥራችሁ ነው፣ አክስቴ፣ አንቺ ነሽ ያስወለቅሽኝ። አክስቷ ክሩን ከአፏ ታወጣለች። እኔ? የወንድሜን? ይላል ትንሽ ድምፅ፣ የአክስቷ የማይመስል፣ ለካ የሞተው የእሷ አባት ብቻ ሳይሆን የአክስቷም ወንድም እንደሆነ ትዝ ይላታል፣ ግን ቁጣ እንደተጀመረ ቁልቁለት ነው። እትዬ መነጽር የላይኛውን መነጽር ግንባሯ ላይ ትሰቅላለች። ልጄ፣ ያንን ኮት እዚህ ቤት የሚነካ የለም፣ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም ትልና ትቆማለች። ሁሉም ወደ ባዶው ወንበር ይዞራሉ።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ። ነርሷ ናት፣ ጉንጯ ከብርዱ ቀልቶ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ፌስታሉን እንደ ሕፃን ታቅፋ። ወይኔ ይቅርታ፣ ልትሄጂ ነበር? ላውንደሪ ቤት ወረፋ ነበረ፣ ሳትወጪ ልደርስ ብዬ ሮጥኩ። ዓይኗን በጨው አጥባ! ነርሷ ግን እያወራች ኮቱን ታወጣለች፣ ተተኩሷል፣ ይሞቃል፣ ልነግርሽ አልፈለግኩም ድንገት እንድታዪው ብዬ ነው፣ ሁሉም ሲጠልፍ እኔም ጭኔ ላይ አድርጌ ስሠራው ዋልኩ፣ ማንም አላየኝም፣ ክሩን ከራሱ ከውስጥ ጠርዙ ነው የመዘዝኩት፣ አንድ ዓይነት እንዲሆን። እንኪ። ኮቱን ተቀብላ በግራ በኩል ታያለች። በጣቷ ትዳስሳለች፣ ወደ መብራቱ ታነሳዋለች፣ ገልብጣ ታያለች፣ ቃጠሎ ውስጥ የክብሪት እንጨት የምታገኝ ሴት አንዲት የክር ምልክት ታጣለች። ቅዳጁ የለም። ጭራሽ ኖሮ አያውቅም።

ውይ፣ ይላል አንድ ሰው። እትዬ መነጽር ሳታስበው ሁለቱንም መነጽር አውርዳ ወደ ጨርቁ ታዘነብላለች፣ እጅ ማለት ይሄ ነው፣ ትላለች በለሆሳስ፣ ከዚያ ያለችውን ሰምታ አፏን በእጇ ትይዛለች።

አባቷ በነበረበት ቦታ ላይ ደህና ኮት አለ። ይህ ነው የሆነው። ሁለተኛ ሞቷል፣ ለዚያውም በጥሩ ስፌት። ልትመታት ትፈልጋለች፣ እጇ ይነሳል እንዴ፣ አይነሳም፣ ይከብዳል። አበላሸሁ እንዴ? ትላለች ነርሷ፣ ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ እያየች፣ የት ጋ ነው የተበላሸው? የተበላሸ ነገር የለውም፣ ትላለች እትዬ መነጽር፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ለእናትና ለአባት የተቀደደ ልብስ እንዲህ ተደርጎ አይሰፋም፣ ልጄ፣ እስከ ዕድሜ ልክ፣ ወሩ ካለፈ በኋላ እንደ ጆንያ በሻካራ ስፌት ይያዝ ይሆናል እንጂ፣ እንዲህ ደብዛው አይጠፋም፣ መታየት አለበት። ማንም አልነገረኝም፣ ትላለች ነርሷ፣ እዚያ ትምህርቱ ላይ ገና አልደረስኩም፣ እኔ እኮ የምሰፋው ቁስል ነው፣ ጠባሳ እንዳይተው አድርገሽ ስፊ ነው የተባልኩት፣ አንቺን ደግሞ ስታወሪ አይሻለሁ፣ እጅሽ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው፣ ቅዳጁን በመዳፍሽ ሸፍነሽ ነው የምታወሪው፣ የበረደሽ መሰለኝ።

እጇን ታያለች። አሁንም እዚያው ነው፣ ኮት በሌለበት ቀሚስ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ተለጥፎ። መቼ ለመደው? እሷ አላወቀችም፣ አለቃዋም አልነገራት፣ ያወቀች ይህቺ ናት፣ እሷ እንደ ሌባ ስታጠናት እሷን እንደ በሽተኛ ስታጠና የከረመች። እና ማን ተጠቀመ? ተረኛ ያልሆነችበትን ቀን ሰጥታ፣ በብርድ ሮጣ፣ የላውንደሪውን ከኪሷ ከፍላ፣ ማን ተጠቀመ፣ ትደምራለች፣ ትቀንሳለች፣ አይመጣም። አይመጣም። ሌላ ምክንያት ትፈልጋለች፣ አንድ ይኖራል፣ መኖር አለበት፣ የነርሷ ፊት ላይ ታገላብጣለች፣ ያለው እዚያ የተጻፈው ብቻ ነው፣ የበረዳት መስሏታል።

መቀስ ስጡኝ፣ ትላለች። ይሰጧታል፣ ትንሿን፣ ክር መፍቻዋን። ጫፏን ጨርቁ ላይ ታሳርፋለች፣ የት? እዚህ ይሆን? እዚያ? ከሳተች ደህናውን ጨርቅ ነው የምትበጥሰው። የት እንደሆነ በዓለም ላይ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ አለች። ይሄ ያናድዳል፣ በጣም ያናድዳል። አንቺ አሳዪኝ፣ ትላለች። ነርሷ ትቀርባለች፣ በጣቷ ትጠቁማለች፣ እዚህ ጋ ነው የምትጀምሪው፣ እንዲህ በሰያፍ፣ ቀስ፣ እሱን አንሺው፣ አዎ። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ይደርሳል፣ የሆስፒታል ሳሙና ይሸታታል። አንድ ክር ይበጠሳል፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ድምፅ የለውም፣ የመቃብሩ ቀን ጮሆ ነበር፣ ዛሬ ዝም ብሎ ይከፈታል፣ ከሥሩ ገበሩ ብቅ ሲል አባባ፣ ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ ሰው ፊት፣ ከዚያ እምቢ ብሎ የከረመው እንባ ይመጣል፣ በአፍንጫዋ በአፏ፣ እንደ ልጅ እየነፈረቀች ታለቅሳለች፣ አክስቷም ወንድሜን እያለች ከማዶ ትጀምራለች፣ ነርሷ መሃል ቆማ ማንን እንደምትይዝ ጨንቋታል።

ሲያባራላቸው ኮቱን ትለብሰዋለች። ቅዳጁ ተመልሷል፣ ነፋስ ይገባል፣ ደስ ይላል፣ ይበርዳል ደግሞ፣ ለካ ይበርድ ነበር፣ ወራቱን ሁሉ ይበርዳት ነበር። ወሩ ካለፈ ቆየ፣ ትላለች አክስቷ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ በሻካራው ይያዝልሽ፣ የኔ ልጅ፣ ወንድሜም ቢሆን በብርድ ሙቺ አላለሽም። አላወልቀውም፣ ትላለች እሷ። ማን አውልቂ አለሽ፣ ከላይሽ ላይ ይሰፋል። ጥቁር ወፍራም ክር ይፈለጋል፣ እትዬ መነጽር ትጀምራለች፣ አንዴ ትወጋለች፣ ስፌቱ ጥቃቅን፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የለሽ። አበላሺው እንጂ! ትላለች አክስቷ። እያበላሸሁ እኮ ነው። እንደገና ይሞከራል፣ ይባስ ብሎ ያምራል፣ እጄ እምቢ አለኝ፣ ትላለች እትዬ መነጽር፣ መጥፎ መስፋት አላስተማሩኝም፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ አንዷ ከፋዩ ላይ ተደፍታ ትስቃለች፣ እሷም እንባዋ ሳይደርቅ ትስቃለች፣ ለነርሷ ስጧት፣ ይላል አፏ። ይላል አፏ። አእምሮዋ ገና አልፈቀደም።

ነርሷ መርፌውን ይዛ ትቆማለች። ደግሞ ባበላሸውስ? አበላሺው ነው የምትባይው፣ ይላሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ቆይ ቆይ፣ ትላለች አክስቷ፣ ከላይሽ ላይ ሲሰፋ ክር አኝኪ፣ ዝም ብሎ የሚሰፋበት ሬሳ ነው፣ በሕይወት ያለ ያኝካል፣ እንኪ፣ የጥቁሩን ክር ቁራጭ አፏ ውስጥ ትከትላታለች፣ ሰም ሰም ይላል፣ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሊወድቅባት ነው፣ ትዘጋዋለች። የነርሷ ግራ እጅ በኮቱ ሥር ይገባል፣ በጨርቁና በልቧ መሃል፣ ቀዝቃዛ እጅ፣ መርፌው ሰውነቷን እንዳያገኝ የራሷን መዳፍ ነው የምታነጥፈው፣ የመጀመሪያው ስፌት ይገባል፣ ሰፊ፣ ጠማማ፣ የጆንያ ስፌት፣ አትነቃነቂ ትላታለች፣ አትነቃነቅም። አገጯን አጠፍ አድርጋ መርፌውን ማየት ትችላለች፣ የት ገባ፣ የት ወጣ፣ ሁልጊዜ የምታደርገው ነው። ዓይኗን ትጨፍናለች። ክሩ ይሳባል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይሳባል፣ መርፌው የት እንደደረሰ አታውቅም፣ ታኝካለች።